ብሩስን በየትኛው ቀን እንፈትነው?

ይድረስ ሥራ ለምትፈልጉ ልጆቼ፤

ሠላሳ ዓመት ያህል ሰው ስቀጥር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ሲቪዎች ውስጥ አዲስ ነገር ማየት ጀመርኩ። ከስልክ ቁጥሩ ሥር አራት ፊደል። አንዱ "ኢኤንቲጄ ነኝ" ይላል፣ ሌላዋ "አይኤንኤፍፒ"። ኢንተርኔት ላይ አሥር ደቂቃ ጥያቄ መልሰው ያገኙት የባሕርይ ዓይነት ነው። አሁን ደግሞ ለሞቱ ሰዎችም ማደል ተጀምሯል። በቀደም የልጅ ልጄ ታሪክ እንደምወድ ስለምታውቅ "አባባ፣ የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ የትኛው ነው?" አለችኝ።

"በየትኛው ቀን ተፈትኖ?" አልኳት።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1306 እንበል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብሩስ ዳምፍሪስ በምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተቀናቃኙ ከጆን ኮሚን ጋር ተገናኘ። ንግግሩ ወደ ጠብ ዞረ። ብሩስ ጩቤ መዘዘ፣ ኮሚንም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ብሩስ ዘውድ ጫነ። ያን ሰሞን ቢፈተን "ግልፍተኛ" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር።

ዕዳው ግን ቶሎ መጣ። በጁን ሜትቨን በምትባል ቦታ፣ ስኮትላንድን ይዘው በነበሩት እንግሊዞች ተሸነፈና ሸሸ። ዘውድ በጫነ ዓመት ሳይሞላው እንግሊዞች ሦስት ወንድሞቹን ገደሉ። ሚስቱ ተይዛ ስምንት ዓመት ገደማ ታሰረች። እህቱን ሜሪን ሮክስበርግ ላይ እንደ ወፍ በፍርግርግ ውስጥ ቆለፉባት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብሩስ እዩት። የእንግሊዝን ትልቅ ጦር ሜዳ ላይ ፊት ለፊት አይገጥምም። ምሽግ ሲይዝ ያፈርሰዋል፤ ጠላት ተመልሶ እንዳይገባበት። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ። (የሸረሪቷን ነገር ተዉት፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ተረት ነው።) በዚህ ጊዜ ቢፈተን ጥንቁቅ፣ ስሌተኛ ይባላል።

በ1313 ወንድሙ ኤድዋርድ የስተርሊንግን ምሽግ ለእንግሊዞች ከያዘው አዛዥ ጋር ተዋዋለ፦ እስከ መጪው ዓመት ጁን 24 የእንግሊዝ ጦር ካልደረሰ ምሽጉ ይሰጠን። በቃ፣ ብሩስ ሲሸሸው የኖረውን የሜዳ ጦርነት ወንድሙ ጠርቶ አመጣበት።

ጁን 23 ቀን 1314፣ ስተርሊንግ አጠገብ ባነክበርን። የእንግሊዝ ጦር ደርሷል። ብሩስ ትንሽ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ መጥረቢያ ይዞ ሰልፉን ያያል። ሄንሪ ደ ቡን የሚባል እንግሊዛዊ ባላባት አየው። ጦሩን አነጣጥሮ፣ ትልቁን ፈረሱን ኮልኩሎ መጣበት። ንጉሡ ወደ ሰዎቹ መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም። ጦሩ ሊነካው ሲል ፈረሱን ፈንጠር አደረገ፣ እርካቡ ላይ ቆመ፣ የሰውዬውን ራስ ከነብረት ቆቡ ፈለጠው። የመጥረቢያው እጀታ ተሰበረ። አዛዦቹ "ብትሞትስ ምን ልንሆን ነው?" ብለው ሲቆጡት፣ እሱ የቆጨው ያ ደህና መጥረቢያው ነው ይባላል። በማግስቱ አሸነፉ።

ሰባት ዓመት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው መንግሥቱን በአንዲት ቅጽበት አስያዘ። እንግዲህ የትኛው ነው? እኔን ብትጠይቁኝ የዳምፍሪሱ ግልፍተኛ አልሞተም፤ ብሩስ ልጓም አበጀለት እንጂ። ልጓሙን ያስገዛው ደግሞ ያ የወንድሞቹ ደም ነው። ይህን የትኛው ፈተና ይለካዋል?

እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ። የፈተና ወረቀቱ "ሰው መምራት ያዳግተዋል" ስላለ አንድ ዝምተኛ ልጅ መለስኩ። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ርክክብ ስሄድ የሳይቱ ኃላፊ ሆኖ አገኘሁት። ሥሩ አርባ ሰው አለው፤ ድምፁ አሁንም እንደ ድሮው ዝቅ ያለ ነው። አላስታወሰኝም፣ ወይም እንዳላስታወሰ ሆነ። ሻይ አስመጣልኝ።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ስትገቡ ፊደሎቹን ቤት ተዉልኝ። ያበላሻችሁትን አንድ ሥራና በማግስቱ ያደረጋችሁትን ንገሩን።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና "ኢኤስቲፒ ነው" አለችኝ።