የባሕር ዳር ፀሐይ «ከአቅም በላይ» አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አንድ ሃያስ ሚኒባስ አለኝ። ከኋላ አልጋና ትንሽ ማብሰያ አስገጥሜበት ለሽርሽር የሚወጡ ሰዎችን ይዤ እሄዳለሁ፤ ጢስ ዓባይ፣ ጎርጎራ፣ አንዳንዴም ጎንደር። ባለፈው መስከረም አንድ ማተሚያ ቤት ዙሪያውን ስቲከር ለጠፈልኝ። ጎኑ ላይ ፔሊካንና የደንገል ታንኳ፣ ጣራው ላይ ደግሞ የድርጅቴ ስም ነው። በ38,000 ብር ተስማምተን 30,000 ከፈልኩ። «5 ዓመት አይነካውም» ብሎኝ ነበር። መጋቢት ላይ ቀዩ ሮዝ ሆነ፣ ጣራው ተሰነጣጠቀ፣ የበሮቹ ጫፍ ተላጠ። በስልክ ስነግረው «ፀሐዩ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ደግሞ ደረሰኙ ላይ ከሱቅ ከወጣ በኋላ ኃላፊነት አንወስድም ይላል» አለኝ። ቀሪውን 8,000 ካልከፈልክ እከስሃለሁ እያለም ነው። ተናድጄ አንዱን በር በምላጭ ላጥኩት፣ የመኪናው ቀለም አብሮ ተነሳ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ምላጩን አስቀምጠው።

እውነቴን ነው። ያ ባየኸው ቁጥር የሚያናድድህ የደበዘዘ ፔሊካን አሁን ዋናው ማስረጃህ ነው። በሩን ልጠህ ስትጥል የክርክርህን አንድ ቁራጭ አብረህ ጣልክ። የቀረውን አትንካ። ዛሬውኑ መኪናውን ዙሪያውን ፎቶ አንሳ፤ ከሩቅም ከቅርብም፣ ጣራውን ደግሞ መሰላል ላይ ወጥተህ። የላጥከው ቁራጭ ቆሻሻ ውስጥ ካልገባ ፌስታል ውስጥ አድርገህ አስቀምጠው። ከዚያ ሌላ ስቲከር የሚሠራ ባለሙያ ፈልግና አሳየው፤ ምን ዓይነት ስቲከር እንደሆነና ላሚኔሽን (ከላይ የሚለበጥ ስስ መከላከያ) እንዳለው ወይም እንደሌለው ስሙን ጽፎና ፈርሞ ይስጥህ።

ይኼ የሚጠቅምህ ለምን መሰለህ? ነገሩ ያለው ፀሐዩ ላይ ሳይሆን ስቲከሩ ላይ ስለሆነ ነው። የመኪና ስቲከር ሁለት ዓይነት ነው። ካስት የሚባለው ፈሳሹ በስሱ ተዘርግቶ እንዲደርቅ ተደርጎ ይሠራል። ውፍረቱ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ አይኮማተርም፣ የመኪናውን ጉብታና ስርጉድ ተከትሎ ይተኛል። ካለንደርድ የሚባለው ግን በሮለር ተዳምጦ የሚወጣ ነው። ወፈር ይላል፣ ርካሽ ነው፣ እያደር ወደ ነበረበት መጠን መሰብሰብ ይፈልጋል። ያንተ የበር ጫፍ የተላጠው እንዲህ ተሰብስቦ ሊሆን ይችላል። ወይም ሲለጠፍ መኪናው በደንብ አልጸዳ ይሆናል። ቀለሙን ከጨረር የሚከላከለው ደግሞ ከላይ የሚለበጠው ላሚኔሽን ነው። እሱ ከሌለ ቀይ በጥቂት ወራት ሮዝ ቢሆን ብዙም አይገርምም። ስለዚህ ባለሙያው «ይኼ ካለንደርድ ነው፣ ላሚኔሽንም የለውም» ብሎ ከፈረመልህ ክርክሩ ከአየር ንብረት ወጥቶ ወደ ውሉ ይገባል ማለት ነው፤ ጥያቄውም የ5 ዓመት ዋጋ ተቀብሎ የ5 ዓመት ዕቃ ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም የሚል ይሆናል።

አሁን ወደ ፀሐዩ። ልጁ «ፀሐዩ ነው» ሲል፣ በሕግ ቋንቋ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጠመኝ ማለቱ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 ይህን መከላከያ ያውቀዋል፤ ግን ባለዕዳው በተለምዶ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውንም ፈጽሞ እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር ሲሆን ብቻ ነው። እስቲ አስበው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያና ነሐሴ ላይ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ይህን ቁጥር ባያውቀው እንኳ እዚሁ ከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ሰው የባሕር ዳርን ፀሐይ አላውቀውም ነበር ሊል ነው? ዘንባባው ሥር ሊስትሮ የሚሠራው ልጅ እንኳ ያውቃታል።

አንድ ነገር ግን ላንተም ልንገርህ፣ እንዳትከፋ። ጣራውን ከጎኑ ለይተህ ጠይቅ። የስቲከር አምራቾች ይህን ያህል ዓመት ይቆያል የሚሉት በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ለቆመ ገጽ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ጣራ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጎዳል። በጣራው 5 ዓመት ሙሉ ድርቅ ብለህ ብትከራከር የሌላኛው ወገን ጠበቃ በዚች ቀዳዳ ገብቶ ሌላውንም ያበላሽብሃል። ጎኑንና በሮቹን አስቀድም። ጣራውን በተመለከተ «በ6 ወር መሰነጣጠቅ አልነበረበትም» በል።

ደረሰኙስ? እዚህ ላይ የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፦ ፈርመህበታል? ካልፈረምክ፣ ሥራው አልቆ ገንዘብ ስትከፍል የተሰጠህ ወረቀት ከሆነ፣ ከታች በደቂቅ ፊደል የታተመችው መስመር ብዙም አታስፈራህ። ቁጥር 1686 አንድ ነጋዴ ለሁሉም ደንበኛ የሚያወጣቸው አጠቃላይ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት አውቋቸው ከተቀበላቸው ነው ይላል (ወይም የመንግሥት አካል ያጸደቃቸው ሲሆኑ፤ ያንተ ግን ከዚህ አይገባም)። ከከፈልክ በኋላ ያየኸውን ነገር አውቀህ ተቀበልክ ለማለት ይከብዳል። ፈርመህ ከሆነ ግን ነገሩ ይጠብቃል። ከቁጥር 2005 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች በተፈረመ ሰነድ ላይ የሰፈረውን በሰው ምስክር ለማስተባበል መንገዱን ያጠቡታል። ያኔም ቢሆን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ የኃላፊነት ማስቀሪያው አያድነውም። ርካሹን ስቲከር ውዱ ነው ብሎ መሸጥ ደግሞ ለዚህ በጣም ይቀርባል።

«5 ዓመት አይነካውም» ያለህ በቃል ብቻ ነው ወይስ በቴሌግራም? ጥያቄህ ውስጥ ስላላየሁት ተመልሰህ ፈልግ። ዲዛይኑን ስትላላኩ፣ ዋጋ ስትደራደሩ፣ በድምፅም ቢሆን ብሎት ከሆነ ወርቅ ነው። በቃል ብቻ ከሆነም ተስፋ አትቁረጥ፤ እንዲህ ዓይነት ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ጣጣው ማስረዳቱ ላይ ነው። አብሮህ የነበረ ሰው ካለ ስሙን ያዝ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወደ ሸማቾች ጥበቃ ይሮጣል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለአንተ ግን ብዙም አልመክረውም። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ያንተ ሃያስ የእንጀራህ መኪና ናት። 15 ቀኑም መስከረም ላይ አልፏል። ቤተሰቡን ይዞ ለመዝናናት የሚወጣበትን መኪና ያስለጠፈ አንባቢ ካለ ግን ይህን አንቀጽ ልብ ይበል።

ያንተ መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ውሉ ሥራ ሠርቶ ውጤት የማስረከብ ውል ነው ልትል ትችላለህ፣ እሱም ከቁጥር 2610 ጀምሮ አለ። ስቲከሩን ያቀረበው እሱ ስለሆነ ሽያጭ ነው የሚል ክርክርም ሊነሳ ይችላል። ሁለቱም ዞረው አንድ ቦታ ያደርሱሃል፤ የተስማማህበትን ነገር የማግኘት መብት አለህ። ልዩነቱ የጊዜው ነገር ነው። ሽያጭ ከተባለ ጉድለቱን እንዳየህ ሳትዘገይ ማስታወቅ አለብህ፤ ካስታወቅህ በኋላ ደግሞ በቁጥር 2298 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ መብትህን መጠየቅ አለብህ። ስለዚህ ሁልጊዜ አጭሩን ጊዜ ይዘህ ተንቀሳቀስ።

በስልክ ነግረኸዋል፣ ጥሩ። አሁን በጽሑፍ ድገመው። ቁጥር 1772 ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብለህ ከመነሳትህ በፊት ማስጠንቀቂያ እንድትሰጠው ይፈልጋል። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። በዚህ ቀን ይህን ሥራ ሠርተሃል፣ እንዲህ ተስማምተን ነበር፣ እነዚህ ቦታዎች ደብዝዘዋል፣ ተላጠዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል፣ በ15 ቀን ውስጥ በተስማማንበት ጥራት ቀይርልኝ፣ ካልሆነ የከፈልኩትን ገንዘብና የደረሰብኝን ኪሳራ በሕግ እጠይቃለሁ። ቀንና ፊርማ። ሁለት ኮፒ አድርግ፤ አንዱን ሰጥተህ ሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርምልህ ጠይቅ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድና ፊታቸው ስጠው፣ በቴሌግራምም ላክለት። ስድብ አትጨምርበት። ዳኛ ፊት የሚነበብ ወረቀት ነው።

ስለ 8,000ው። «አልከፍልም» አትበል። «ሥራውን ስታስተካክል እከፍላለሁ» በል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ በሕግ ፊት ይለያያሉ። ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ወገን ሌላውን ፈጽምልኝ ሊል አይችልም ነው የሚለው። ስለዚህ ገንዘቡን ይዘህ መቆየትህ መከላከያ አለው፤ ግን ገንዘቡ እጅህ ላይ ይኑር። ልክሰስህ ካለ ይክሰስ። መልስህን ይዘህ ትቀርባለህ፣ አንተም መልሰህ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ ታቀርባለህ።

ወደ ላጥከው በር ልመለስ። የበሩን ቀለም ካሳ አገኛለሁ ብለህ ብዙ አትጠብቅ። ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ሰው ጉዳቱ እንዳይሰፋ መጠንቀቅ አለበት፤ ምላጭ ደግሞ ጥንቃቄ አይባልም። ያ በር ከዚህ በፊት ጋራዥ ገብቶ ቀለም ተቀብቶ ያውቃል? የፋብሪካ ቀለም ካልሆነ ከስቲከር ጋር ተነስቶ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ልጁም ይህን ያነሳብሃል። ቀሪውን ስቲከር የማንሳት ቀን ሲደርስ፣ ማለትም ፎቶውና የባለሙያው ወረቀት እጅህ ከገባ በኋላ፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረግህ ከጫፉ ጀምረህ ወደ ራሱ እያጠፍክ ቀስ ብለህ ሳብ። ሙጫው ከቀረ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረገው። ሥሩ የነበረው ቀለም ደማቅ ሆኖ የፔሊካኑ ቅርጽ ቢቀር አትደንግጥ። የቀረው አካል ፀሐይ ስለበላው ነው፣ ፖሊሽ ያቀለዋል። ይህን ግን በማተሚያ ቤቱ ላይ አትጫንበት።

ፍርድ ቤት ሂድ ወይ? ለ38,000 ብር ሥራ ቀጠሮ እየቆጠርክ መኪናህን ማቆም እኔን አያስደስተኝም። ማስጠንቀቂያውን ከሰጠህ በኋላ ሁለታችሁም የምታከብሯቸው አንድ ሁለት ሰዎች ይዘህ አነጋግረው። እኔ ብሆን የምቀበለው ስምምነት ይኼ ነው፦ ጎኑንና በሮቹን በካስት ስቲከርና በላሚኔሽን እንደገና ይሥራ፣ ጣራው ይቅር፣ አንተም ሲያስረክብህ ከ8,000ው ላይ የተስማማችሁበትን ትከፍላለህ። ያን ግን በወረቀት አድርጉት፤ የስቲከሩ ዓይነት፣ የላሚኔሽኑ፣ የዋስትናው ጊዜ ለጎንና ለጣራ ተለይቶ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የምስክሮችም። በነገራችን ላይ በአዲሱ ዲዛይን መኪናውን ሙሉ በሙሉ አትሸፍነው። ቀለሙ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ከተለየ ሌላ ጣጣ ነው።

እንቢ ካለ በወረዳው ፍርድ ቤት ክስ ትመሠርታለህ። ያኔ ፎቶውን፣ የባለሙያውን ወረቀት፣ ማስጠንቀቂያውንና ደረሰኙን ይዘህ ወደ ጠበቃ ቢሮ ና። የቴሌግራሙን ንግግር ግን እስከዚያ አታቆየው፤ ዛሬ ማታ ስክሪንሾት አንሳው፣ ድምፁንም አውርደህ አስቀምጥ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል።