ዲፒፒኤች ወዲያው ቢጫ ለሚሆንብሽ
ሁሉም ቱቦ ወዲያው ቢጫ ሆነብኝ፣ ማወዳደር አቃተኝ ላልሽው፣ ዲፒፒኤቹ (የአንቲኦክሲዳንት አቅም የምንለካበት ሐምራዊ ኬሚካል፣ ሃይድሮጅን ሲያገኝ ቢጫ የሚሆነው) አልተበላሸም፣ ናሙናሽ በጣም ወፍሮ ነው። በሜታኖል 10 ጊዜ፣ 50 ጊዜ፣ 100 ጊዜ እያልሽ አቅጥኚው፣ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዪና 517 ናኖሜትር ላይ ብርሃን የመምጠጥ መጠኑን አንብቢ።

የጅማ ጥሬ ቡና ነው ብለሻል፣ ጥሬ ቡና ደግሞ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሞላበት ነው፣ እሱ ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ ጎን ለጎን ሁለት ኦኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ስላለው ሃይድሮጅኑን ቶሎ ሰጥቶ ኪኖን ወደሚባል ውህድ ይቀየራል፣ ሐምራዊው ቀለም ለዛ ነው ቶሎ የሚጠፋው። የካፌይክ ዘመድ የሆነው ፌሩሊክ አሲድ ላይ ግን አንዱ ኦኤች በሜቶክሲ (OCH3) ስለተተካ ዘገም ይላል።

ወደ ተቆላው ስትሄጂ ተጠንቀቂ፣ ቡናማ ቀለሙ ራሱ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ቀን ለፋሁ መሰለሽ! ዲፒፒኤች የሌለበትን ናሙና ለብቻው አንብበሽ ቀንሺው።