የሒሳብ ፋይላችሁ አንድ ቤትና አንድ ጸሐፊ ይኑረው

ከመንዝም ሆነ ከተጉለት፣ ከቡልጋም ሆነ ከመርሐቤቴ ወጥታችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ ባለትዳሮች ሒሳባችሁ ሁለት አገር የረገጠ ነው። በአንድ በኩል የቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ግብር አለ፤ በሌላ በኩል ደብረ ብርሃን ላይ የተጀመረው ቤት ሲሚንቶና ብረት፣ መሐል ሜዳ ላሉት እናትና አባት የሚላከው ብር፣ እቁቡ፣ እድሩ። ይህ ሁሉ በደብተር አልያዝ ሲል እንደ ግኑካሽ ወይም ኩዊከን ያለ የሒሳብ ሶፍትዌር ቤት ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው ባልም ሚስትም ያንኑ ፋይል ከየላፕቶፓቸው መክፈት ሲፈልጉ ነው። ይቻላል፤ ግን ፎልደሩን ሼር ማድረግ ብቻውን አይበቃም።

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው። ግኑካሽ በተለመደው አሠራሩ ፋይሉን በሙሉ ወደ ሜሞሪ ያነባል፤ ሴቭ ሲባል ደግሞ ሙሉውን እንደገና ይጽፈዋል። ሁለት ሰው ከፍቶ ከሠራ፣ ኋላ ሴቭ ያደረገው የፊተኛውን ሥራ ደምስሶ የራሱን ያስቀምጣል። የእድር መዝገብ በአንድ ጸሐፊ እጅ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግኑካሽን ከፖስትግሬስ ወይም ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር ብናገናኘው ለብዙ ሰው ይሆናል የሚሉ አሉ፤ አይሆንም። ዳታቤዙ ብዙ ሰው ይችላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይችልም። ኩዊከን ደግሞ የባሰ ነው፤ ፋይሉ በኔትወርክ ላይ እንዲከፈት አልታሰበም፤ ዋይፋዩ በመካከል ብልጭ ካለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የኩዊከን ተጠቃሚዎች ፋይሉን አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፤ በኔትወርክ የሚሄደው ባክአፑ ብቻ ይሁን።

በድሮፕቦክስ፣ በጉግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይልም ከዚህ አይድንም። እነዚህ አገልግሎቶች ቅጂ ያመላልሳሉ እንጂ ፋይሉን ለአንድ ሰው አይቆልፉም። ሁለታችሁም በአንድ ምሽት ከሠራችሁ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይፈጠራሉ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ደረሰኝ በደረሰኝ ማመሳከር ሊኖርባችሁ ነው። ባክአፕ ለማስቀመጥ ግን ጥሩ ናቸው።

ወደ ሥራው እንግባ። ፋይሉ የሚያድርበትን አንድ ኮምፒውተር ምረጡና ከተቻለ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት። ቻርጅ ላይ እያለ ወደ እንቅልፍ እንዳይገባ አድርጉት፤ ሌላው ሰው እየሠራ ኮምፒውተሩ ቢተኛ ሴቩ መንገድ ላይ ይቀራል። በራውተሩ ገጽ ላይ ለዚህ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ያዙለት፤ ለምሳሌ 192.168.1.20። አለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አድራሻው ሊቀየርና «አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል።

ዊንዶውስ ከሆነ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል፣ አድሚን ያልሆነ፣ የራሱ ረጅም ፓስወርድ ያለው አንድ ሎካል (በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚኖር) አካውንት ክፈቱ። ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ የሚጣበቁትም እዚሁ ላይ ነው። ላፕቶፑን በየቀኑ የምትከፍቱበት ፒን በኔትወርክ በኩል አይሠራም። አራት ቁጥር እያስገቡ «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ሲባሉ ተናደው መከላከያውን ሁሉ የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የልጆች ጓደኛ ይዞት የመጣው ስልክ ሳይቀር ሒሳባችሁን ሊያይ ይችላል።

ቀጥሎ ለሒሳቡ ብቻ አንድ ፎልደር ፍጠሩ። ዶክመንትስን በሙሉ፣ ይባስ ብሎም ሲ ድራይቩን በሙሉ ሼር አታድርጉ። የፎልደሩንና የአካውንቱን ስም በላቲን ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳይኖረው አጭር አድርጉት። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ አድቫንስድ ሼሪንግ፣ ከዚያ ፐርሚሽንስ ግቡ። እዚያ ተቀምጦ የምታገኙትን «ኤቭሪዋን» አውጡትና አዲሱን አካውንት አስገቡ፤ «ቼንጅ» እና «ሪድ» ይበቃዋል፤ «ፉል ኮንትሮል» አያስፈልገውም። ከዚያ ሴኪዩሪቲ በሚለው ገጽ ላይ ለዚሁ አካውንት «ሞዲፋይ» ስጡት። ሁለቱም ቦታ መፈቀድ አለበት፤ ሲለያዩ የሚሠራው ጠበቅ ያለው ነው። ፎልደሩ ተከፍቶ «ሴቭ ማድረግ አይቻልም» ከተባለ መጀመሪያ ይህንን ተመልከቱ።

ኮምፒውተሩ የገባበት ኔትወርክ «ፕራይቬት» መባሉን፣ በፓስወርድ የሚጠበቅ ሼሪንግ መብራቱን አረጋግጡ። ኤስኤምቢ አንድ የተባለውን አሮጌ የፋይል ሼሪንግ አሠራር የድሮ ፕሪንተር ወይም የድሮ ዲስክ ካልጠየቀ አታብሩ፤ ከጠየቀም ዕቃውን መቀየር ይሻላል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያው በር ነው። እንግዳ፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ለእንግዳ በተለየው ዋይፋይ ይግቡ። የራሳችሁ ላፕቶፕ በስህተት በእንግዳው ዋይፋይ ከገባ ግን ፎልደሩ አይታየውም፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው እሮሮ አንዳንዴ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን የአጠቃቀሙ ሥርዓት። ግኑካሽ ፋይሉን ሲከፍት አጠገቡ ስሙ በኤል-ሲ-ኬ የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ «ሰው አለ» ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ለመክፈት ሲሞክር ፕሮግራሙ መቆለፉን ይነግረውና ለማንበብ ብቻ ልክፈት ወይስ እንዲያው ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ለማንበብ ብቻ ክፈቱ፤ «እንዲያው ክፈት» የሚለውን አትንኩ። መብራት ጠፍቶ ወይም ላፕቶፑ ደርቆ ከነበረ ይህች ፋይል ማንም በሌለበት ቀርታ ልትገኝ ትችላለች። ያኔ ሁለቱም ላፕቶፖች ላይ ፕሮግራሙ መዘጋቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ብቻ አጥፏት። አጠገቡ ቀን የተጻፈባቸው ሌሎች ፋይሎችም ታያላችሁ፤ የቀድሞ ቅጂዎችና የለውጥ መዝገቦች ናቸው፣ «ቆሻሻ በዛ» ብላችሁ አትጥረጓቸው። የቤቱ ሰው ቁጥር ሁለት ከሆነ ደግሞ ማን በየትኛው ምሽት እንደሚጽፍ መነጋገር ከማንኛውም ቴክኒክ ይበልጣል።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ስትገቡ ፋይሉን ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለመክፈት ያምራችኋል። የፎልደር ሼሪንጉ የሚያልፍበትን 445 የተባለውን ፖርት በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት እንዳትከፍቱ፤ ከተከፈተ ፈልጎ የሚያገኘው አይጠፋም። እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መስመር) በሩን ይጠብቃል፤ ሆኖም መስመሩ ሴቭ መሀል ላይ ቢቋረጥ አያድናችሁም። የሚሻለው ፋይሉን ይዞ መሄድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ላፕቶፑ ቅዱት፤ ቤት የቀረውን ስሙን ቀይራችሁ «ደብረ ብርሃን ሄዷል» የሚል ቃል ጨምሩበት፤ ቤት የቀረው ሰው እንዳይጽፍበት። ስትመለሱ አዲሱን በቦታው አድርጉና የድሮውን ለጥቂት ወራት አቆዩት። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሒሳባችሁ አብሮ እንዳይሄድ ዲስኩ በኢንክሪፕሽን ይቆለፍ። ቬራክሪፕት በተባለው የኢንክሪፕሽን ፕሮግራም የምትቆልፉ ከሆነ ያንኑ የተቆለፈ ፋይል ሁለት ኮምፒውተር በኔትወርክ ከፍቶ አይጻፍበት፤ ውስጡ ይበላሻል።

ደብረ ብርሃን ባለው ቤትም ተመሳሳይ ሼሪንግ ልትሠሩ ካሰባችሁ ፋይሉ የሚያድርበት ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ይሁን፤ ራውተሩም አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ይኑረው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ቢቆይም ራውተሩ ከጠፋ ሌላው ሰው መሀል መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። አሮጌ ላፕቶፕ ለአገር ቤት መላክ የተለመደ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ግን መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷልና ለሒሳብ አይመረጥም።

ግንባታውን ለሚያሠራው ወንድማችሁ ፋይሉን መስጠት አያስፈልግም። እሱ የደረሰኝ ፎቶ ይላክ፣ እናንተ የወሩን ሪፖርት በፒዲኤፍ ላኩለት። ደረሰኝ ስታስገቡ ቀኑን ተጠንቀቁ፤ 05/02/2017 የሚል የደብረ ብርሃን ደረሰኝ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጁ ኦክቶበር 15፣ 2024። እንዳለ ከገባ ሶፍትዌሩ ከዓመታት በፊት ወስዶ ይቀብረዋል፤ ሚዛኑ ግን ልክ ስለሚመጣ ቶሎ አይታወቅም። ምንዛሬውንም ፕሮግራሙ ካመጣው ላይ አትውሰዱ፤ ወንድማችሁ እጅ የገባውን ብር በቁጥሩ ጻፉ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የፋይሉን ቅጂ ሦስት አድርጉት፦ አንዱ የሚሠራው ፋይል፣ አንዱ በውጭ ዲስክ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ያለ፣ ለምሳሌ ተቆልፎ ክላውድ ላይ። የውጭው ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይዋል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ የተሰካውንም፣ በኔትወርክ የተገናኘውንም አብሮ ይቆልፋል። በሳምንት አንድ ቀን ሰክታችሁ ቅዱና ንቀሉት። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንዱን ባክአፕ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና የባንክ ሒሳቡ ቀሪ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር መግጠሙን እዩ። የኢንክሪፕሽኑን ፓስወርድ በወረቀት ጻፉና ፓስፖርታችሁ ከሚቀመጥበት ጋር አድርጉት፤ ከሁለታችሁ አንዱ ብቻ የሚያውቀው አይሁን።