አያቴ ያጧቸው ቤቶችና የእኔ ጓደኛ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 17 ሲሆን የምኖረው በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አያቴ የሚያከራዩዋቸው ሁለት ቤቶች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ አባቴ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬም ማታ ማታ የቤቶቹን የቆዩ ወረቀቶች እያወጡ ያስነብቡኛል፤ የዘር ሐረጋችንንም እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩኛል። ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ የምትኖር የክፍል ጓደኛ እንዳለችኝ ሲያውቁ «ከቀሙን ሰዎች ልጅ ጋር እንዳላይሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ይፈትሻሉ፤ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ማጥናትንም ከለከሉኝ። እናቴ «አባትሽ ናቸው፣ ቻይው» ትለኛለች። አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ቤቱ ጠበበኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ አስቀድሜ ስለ ጓደኛሽ ልናገር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን ቀበሌዎች እንዲያስተዳድሩ ሆነ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ተከራይ ነው እንጂ ቀማኛ አይደለም፤ ጓደኛሽማ ያኔ ገና አልተወለደችም።

ይህን ስል የአባትሽን ሐዘን ማቃለሌ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ አዋጅ አይገባውም፤ የሚያየው የአባቱን ፊት መለወጥ፣ የቤቱን ወጪ ማነስና የጎረቤቱን ሹክሹክታ ነው። አባትሽ በየምሽቱ ስለ ቤቶቹ የሚያወሩት፣ ያን ጊዜ ስለ ራሳቸው የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ሲያወጡ ከመከራከር ይልቅ «አባዬ፣ ያን ቀን የት ነበሩ? ማን አጽናናዎት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሆኖም ጥናትሽን ትተሽ ሌሊቱን ስትሰሚ ማምሸት የለብሽም፤ የእርሳቸውን ቂም መውረስም ግዴታሽ አይደለም።

በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነፃነት አትጠይቂ፤ የቅዳሜውን ጥናት ብቻ ጠይቂ። እናትሽ ብቻቸውን ከሚጋፈጧቸው፣ አባትሽ የሚያከብሯት አክስት ወይም የንስሐ አባታቸው ቢያነሡላቸው የተሻለ ነው፤ የምትወጪበትን፣ የምትመለሺበትንና አብረውሽ የሚያጠኑትን ለይተው ይንገሯቸው። በጓደኛሽ ጉዳይ ግን ፈጽሞ አትዋሺ፤ በድብቅ የምትላኩት መልእክት ስልክሽ ሲፈተሽ ከተገኘ የተፈቀደልሽንም ቅዳሜ ያሳጣሻል። ለጊዜው ትምህርት ቤት መገናኘታችሁ ይበቃል።

ቁጣው ወደ ድብደባ ከተሻገረ፣ ከትምህርት ካስቀሩሽ፣ ወይም ሊድሩሽ ካሰቡ ግን መቻል አይገባሽም። ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነው። ሳትውዪ ሳታድሪ ለምታምኚያት መምህርት፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ተናገሪ።

ይህ ካልሆነና የቅዳሜው ጥናት ያለ ጠብ ጥቂት ሳምንታት ከቀጠለ፣ የጓደኛሽን ነገር ያቺው አክስትሽ ታንሣላቸው፤ እርሷ ዘመኑን አብራቸው ያሳለፈች ከሆነች «እነዚህ ተከራዮች ናቸው» የሚለው ቃል ከአንቺ አፍ ይልቅ ከእርሷ ሲወጣ ይሰማሉ።