ቤት ውስጥ የተቀባ ፀጉር ከታሰበው በላይ ሲጠቁር፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳር ፀጉር በመቀባትና የተበላሸ ቀለም በማስተካከል የምሠራ ባለሙያ ነኝ። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ቤታቸው ተቀብተው ፀጉራቸው ካሰቡት በላይ የጠቆረባቸው ሰዎች ጥያቄ ይበዛል፤ ከደረሱኝ መካከል ለሌሎችም ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ ከወራት በፊት ቡናማ የተቀባ ነበር። ትናንት ማታ ሌላ ቡናማ ተቀባሁና ጠዋት ሳየው ከሰል መስሏል። ከዚህ የነጣ ቀለም በላዩ ብደግምበት ይለቃል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክዎ አይድገሙበት። ቋሚ ቀለም ውስጥ ያለው አሞኒያ የፀጉሩን ቅርፊት ይከፍታል፤ ጥቃቅኖቹ የቀለም ንጥረ ነገሮች ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተዋሕደው በቀላሉ የማይወጡ ትልልቅ ሞለኪውሎች ይሆናሉ። አዲስ ቀለም የተፈጥሮ ፀጉርን ጥቁረት በመጠኑ ሊያነሣ ቢችልም፣ ቀድሞ የተቀባውን ቀለም ግን አያነሣም። ከደገሙበት የሚቀላው ከሥር አዲስ የበቀለው ብቻ ነው፤ ጫፉ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ያን ማስተካከል ደግሞ ከአሁኑ ችግር ይከብዳል።

የእርስዎ ፀጉር የጠቆረው አዲሱ ቀለም በአሮጌው ላይ ስለተደረበ ነው። ለሌላ ጊዜ ቀለሙ የሚቀባው አዲስ በበቀለው ሥር ላይ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ የሚቀባው ቦታ ጠባብ ነው።

አሁን ማድረግ ያለብዎ ቶሎ ማጠብ ነው። ለፎሮፎር የሚሆን ሻምፖ ለብ ባለ ውሃ አረፋ አድርገው አምስት ደቂቃ ያህል ያቆዩትና በደንብ ያለቅልቁት፤ ከዚያም ኮንዲሽነር ይጠቀሙ። ታጥበው ሲጨርሱ እርጥቡን ፀጉር በነጭ ፎጣ ጨምቀው ይመልከቱ። ፎጣው ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ምልክት እስካለ ድረስ ያልተያያዘ ቀለም እየለቀቀ ስለሆነ በማግስቱ መድገም ይጠቅማል። ፎጣው ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ሻምፖው አቅሙን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ መደጋገሙ ፀጉሩን ከማድረቅ በቀር ትርፍ የለውም። ቋሚ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ከሚኖረው መልክ ይልቅ ጠቁሮ ስለሚታይ፣ ዛሬ በመስታወት የሚያዩት የመጨረሻው መልኩ አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ ለጋ ቅቤ ተቀቢበት፣ ያወጣዋል ትላለች።

መልስ፦ ቅቤ ፀጉር ውስጥ የተያዘውን ቀለም አያወጣም። ሆኖም በሻምፖ የደረቀውን ፀጉር ስለሚያለሰልስና ከመሰባበር ስለሚከላከል የእናትዎን ምክር አይናቁት፤ ከእጥበቱ በኋላ ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ሎሚ ቀብቼ ጣና ዳር ፀሐይ ላይ ብቀመጥስ? በረኪና በውሃ አቅጥነው የሚጠቀሙም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ በረኪና ፈጽሞ ፀጉር ላይ አይደረግም። የፀጉሩን ፕሮቲን ያሟሟል፣ የራስ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ አሞኒያ ካለበት ቀለም ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሎሚውንም ቢሆን አልመክርዎትም፤ ቆዳ ላይ የቀረ የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ያለ ሎሚም ቀለም ታሳሳለች፤ ነገር ግን በሳምንታት ውስጥ ነው፣ መልኩንም ወደ ቀይ ትወስደዋለች።

ጥያቄ፦ ቀለም ማንሻና ብሊች አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት ሁሉም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ቀለም ማንሻ በፀጉር ውስጥ የተያያዙትን ትልልቅ የቀለም ሞለኪውሎች መልሶ ያሳንሳቸውና በውሃ እንዲወጡ ያደርጋል፤ የተፈጥሮውን ቀለም አይነካም። የድኝ ሽታ ስላለው መስኮት ከፍተው ይጠቀሙበት። ዋናው ሥራ ያለው እጥበቱ ላይ ነው፦ ትንንሽ የሆኑት ሞለኪውሎች ታጥበው ካልወጡ ከአየር ኦክስጅን ጋር እንደገና ይዋሐዱና ፀጉሩ ተመልሶ ይጠቁራል። በዚህ ምክንያት መመሪያው ላይ የተጻፈውን የማለቅለቂያ ጊዜ ማሳጠር አይገባም፤ ውሃ በሚቋረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ አስቀድማችሁ በቂ ውሃ አጠራቅሙ። ማንሻው ከሠራ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ፐርኦክሳይድ ያለበት ቀለም አይቀቡ። ቀደም ሲል የተቀባው ቀለም የተፈጥሮውን ጥቁረት በመጠኑ አንሥቶት ስለነበር፣ ከማንሻው በኋላ የሚገለጠው ፀጉር ቀላ ያለ ቢሆን አይደንግጡ።

ብሊች የሚባለው የፀጉር ማንጫ ግን የተቀባውንም የተፈጥሮውንም ቀለም ያጠፋል፤ ፀጉሩንም ያዳክማል። በቤት ውስጥ፣ በተለይ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያቃና ኬሚካል) በነካው ፀጉር ላይ፣ እንዳይሞከር አጥብቄ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የተቀባሁት ጥቁር ሂና ነው። ማንሻው ይሠራልኛል?

መልስ፦ ንጹሕ ሂና ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ማንሻ አይፈታውም፤ ቀለሙም ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይደለም። ጥቁር ሂና ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶች ፒፒዲ የተባለው የቀለም ኬሚካል ወይም የብረታ ብረት ጨው ሊኖርባቸው ይችላል። ጨው ያለበት ፀጉር ፐርኦክሳይድ ሲነካው ሊግልና ሊበጣጠስ ስለሚችል፣ ከማጅራትዎ ጥቂት ፀጉር ቆርጠው ወደ ባለሙያ ይውሰዱና ይሞከርልዎ።

ጥያቄ፦ ሽማግሌ ነኝ። የጢሜን ሽበት በጥቁር ዱቄት ቀለም ቀብቼው ከፊቴ ጋር አልሄደም፤ ከሥሩም ያሳክከኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ከመልኩ በፊት ማሳከኩ ያሳስበኛል። በእንዲህ ዓይነት ዱቄት ውስጥ ሊኖር የሚችለው ፒፒዲ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል በለስላሳ ሻምፖ ደጋግመው ያጥቡት፤ ከእንግዲህም ይህን ቀለም አይቀቡ። ፊትዎ ወይም የዓይንዎ ቆብ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረዎት ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መልኩን በተመለከተ ጢሙን አሳጥሮ መቆረጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሠርጌ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ፀጉሬ ሪላክሰር አለው፣ ቀለሙም በጣም ጠቁሯል።

መልስ፦ መጀመሪያ ፀጉርዎ ምን ያህል እንደሚችል ይለኩ። አንዲት እርጥብ ፀጉር በሁለት እጅ ጣቶችዎ ይዘው በቀስታ ይሳቧት፤ ትንሽ ተስባ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች ደኅና ናት፣ እንደ ማስቲካ ተለጥጣ ከቀረች ወይም ወዲያው ከተበጠሰች ግን ምንም ኬሚካል አይንኩት። ደኅና ከሆነች ሪላክሰሩን ከሠርጉ በፊት አይድገሙት፤ ማንሻውን በዚህ ሳምንት በባለሙያ እጅ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥቂት ፀጉር ላይ ያስሞክሩ። ፀጉሩ ካልቻለ ጥቁሩን እንዳለ ይተዉትና ትሬትመንት ብቻ ያሠሩ፤ ከሠርጉ በኋላ ጫፉን እየተቆረጡ የሚበቅለውን መጠበቅ ይችላሉ።