ከቆራጥነት በፊት ሰዓቱንና ቦታውን እንይ፦ ስለ ልማድ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ራስን በመውቀስ የሚጀምሩ ናቸው፤ «ቆራጥ አይደለሁም»፣ «ለራሴ የገባሁትን ቃል እንኳ አልጠብቅም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሥነ ልቦና ጥናት ስለ ልማድ የደረሰበት ነገር ግን ከዚህ ወቀሳ ጋር እምብዛም አይስማማም። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑትን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጸውን ሁሉ አስቀርቼ ከነመልሳቸው አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይጸናል ሲባል ሰምቼ በማለዳ ተነሥቶ ማጥናት ጀመርኩ። በ15ኛው ቀን ታምሜ ስለዘለልኩ እንደገና ከ1 ቆጠርኩ። ሁለተኛውን ዙር 21 ቀን ብጨርስም መነሣቱ ዛሬም ትግል ነው። ችግሩ ምኔ ላይ ነው?

መልስ፦ ችግሩ አንተ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ነው። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ታካሚዎቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው መታዘቡን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ስለ ፊት የተነገረው ይህ ትዝብት ከጊዜ በኋላ ለማንኛውም ልማድ የሚሠራ ቀነ ገደብ ተደርጎ ተወራ። ጉዳዩን በቀጥታ የመረመሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩት ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ተግባር መርጠው፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን ወይም ከቁርስ በኋላ ውሃ መጠጣትን፣ ለ84 ቀናት በየዕለቱ በተመሳሳይ ሁኔታ ለመፈጸም ሞከሩ። ድርጊቱ ሳይታሰብበት የሚፈጸም እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ መካከለኛ ልኩ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ተሰልቷል። የአካል እንቅስቃሴን የመረጡት ደግሞ ውሃ ከመጠጣት የበለጠ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ከዚህ ጥናት በተለይ አንተን የሚመለከትህ፣ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አመሠራረት ይህ ነው በሚባል ደረጃ የማይጎዳው መሆኑ ነው። ስለዚህ ታመህ በዘለልክበት ማግስት 16 ብለህ መቀጠል ትችል ነበር። ከሁሉም በላይ የምመክርህ ግን መቁጠሩን ትተህ ምሽትህን እንድትመለከት ነው። ሌሊት 6 ሰዓት የተኛ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲነሣ የሚታገለው ከልማድ ጋር ሳይሆን ከእንቅልፍ ዕጦት ጋር ነው፤ አስቀድሞ ሊጸና የሚገባው የመኝታህ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሌላውን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 4 ሰዓት እገባለሁ። ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨርሼ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በግል ለመፈተን እፈልጋለሁ። የማነብበትን ሰዓት መድቤ በጀመርኩ ቁጥር ፈረቃው ሲቀየር አብሮ ይፈርሳል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ንባብሽን ከሰዓት ጋር ማሰሩን ተዪውና ፈረቃው ሲቀየር ከማይቀየር ድርጊት ጋር እሰሪው። በየትኛውም ሳምንት ከሥራ ትመለሻለሽ፣ የሥራ ልብስሽን ታወልቂያለሽ፣ ትበያለሽ። «ከሥራ ተመልሼ በልቼ ሳህኑን ካነሣሁ በኋላ፣ እዚያው ተቀምጬ ደብተሬን እከፍታለሁ» ብለሽ በወረቀት ላይ ጻፊው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰፊው ያስተዋወቀው አሠራር ይህ ነው፤ «አነባለሁ» ከማለት ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ምልክቱንና ድርጊቱን አስቀድሞ ማጣመር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 የተለያዩ ፍተሻዎችን በአንድነት ሲመረምር፣ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያወጡ ሰዎች ምኞቱን ብቻ ከያዙት ይልቅ ያሰቡትን የመፈጸም ብልጫቸው ጉልህ ሆኖ ተገኝቷል።

የንባቡ መጠን ግን በየሳምንቱ ይለያይ። የሌሊት ፈረቃ አድረሽ ስትመጪ አንድ ገጽ አንብበሽ ብትተኚ ይበቃል፤ የጠዋት ፈረቃ በሆነበት ሳምንት ሁለት ሰዓት ልታነቢ ትችያለሽ። በሌሊቱ ሳምንት የምታነቢያት አንድ ገጽ ለፈተናው የምትጨምረው ዕውቀት ጥቂት ነው፤ ዋናው ጥቅሟ ከምግብ ቀጥሎ ደብተር የመክፈቱን ተርታ ሳይበጠስ ማቆየቷ ነው።

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሰው፣ መምህርና የልጆች አባት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ጫት መቃም ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ረመዳንን ሙሉውን ሳልቅም አሳልፋለሁ፤ ምሽቱን ተራዊሕ ላይ ስለምሆን ሀራራውም ብዙ አያስቸግረኝም። ኢድ ካለፈ በኋላ ግን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከጓደኞቼ ጋር እዚያው የለመድነው ቤት ተቀምጬ እገኛለሁ። ባለቤቴ «ለአላህ ብለህ መተው ከቻልክ ለልጆችህ ብለህ እንዴት አቃተህ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የባለቤትዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እርስዎ እንደሚፈሩት ለልጆችዎ ያለዎት ፍቅር ማነስ አይደለም። በረመዳን የሚለወጠው ኒያዎ፣ ማለትም በልብዎ የያዙት ሐሳብ፣ ብቻ አይደለም። ምሳ የለም፤ ስለዚህ ከምሳ ቀጥሎ የሚመጣው የበርጫ ሰዓትም የለም። ጓደኞችዎ በዚያ ሰዓት አይሰባሰቡም፣ ዕጣኑ አይጨስም፣ ቡናው አይፈላም። በምትኩ ምሽቱን የሚይዝ፣ ያውም ከብዙ ሰው ጋር ተሰልፈው የሚፈጽሙት፣ ሌላ ጉዳይ ገብቷል። ኢድ ሲያልፍ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለስና ኒያዎ ብቻውን ይቀራል።

ቦታና ሁኔታ በሱስ ላይ ያላቸውን ኃይል ካሳዩት ጥናቶች የታወቀው ሊ ሮቢንስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ከቬትናም በተመለሱ ወታደሮች ላይ ያደረገችው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው ከተመለሱት ተራ ወታደሮች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ ሳለ የአደንዛዥ ዕፅ፣ በተለይም የሄሮይን፣ ሱሰኛ እንደነበር ተናግሯል። ይሁንና ከእነዚህ ውስጥ አገራቸው በገቡበት የመጀመሪያ ዓመት ዳግመኛ ሱሰኛ የሆኑት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጫትና ሄሮይን አንድ አይደሉም፤ ለወታደሮቹ መተውም ከቦታው ለውጥ በቀር ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት። ነገር ግን ዕፁ ይገኝበት የነበረው ስፍራ፣ አብረው የሚወስዱት ባልንጀሮችና የጦር ሜዳው ኑሮ በአንድነት ከኋላ መቅረታቸው ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ብዙዎች ይስማማሉ።

እርስዎ ደሴን ለቅቀው መሄድ አይጠበቅብዎትም፤ በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ፣ በዚያው ከተማ፣ ሁኔታው ተለውጦልዎ ይኖራሉና። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገጥመው ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የስሜት መውረድና ዱካክ የሚባለው ቅዠት አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ኢድ ሲደርስ የሰውነትዎን ድርሻ በአብዛኛው ተወጥተውታል ማለት ነው፤ የሚቀረው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የት እንደሚገኙ መወሰን ነው።

ውሳኔው ረመዳን ሳይወጣ ቢደረግ ይሻላል። ከረመዳን ቀጥሎ ባለው በሸዋል ወር ስድስቱን ቀናት የሚጾሙ ከሆነ የተወሰኑትን ቀናት በርጫ በሚበዛባቸው ቀናት ላይ ማዋል ድልድይ ይሆንልዎታል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ከምሳ በፊት ከቤት በሚያስወጣ፣ ሌላ ሰው በሚጠብቅዎት ጉዳይ ይያዟቸው፤ ልጆችን ይዞ ኮምቦልቻ ወርዶ ዘመድ መጠየቅ፣ ተማሪዎችን በቋሚነት ማስጠናት፣ የታመመ ጎረቤት መጎብኘት ሊሆን ይችላል። «ጓደኞችህን ተው» የሚልዎትን ምክር ግን አልደግፈውም። በርጫ ጫት ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው፣ ዱዓው፣ የችግር መመካከሪያው ሁሉ እዚያ ነውና ይህን ሁሉ ያለ ምትክ ጣል የተባለ ሰው ተመልሶ ቢሄድ አልፈርድበትም። ጓደኞችዎን በሌላ ሰዓትና በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት ሻይ ቤት ያግኟቸው፤ ምን እንደወሰኑም በግልጽ ይንገሯቸው።

አንድ ቅዳሜ ተሳስተው ቢቀመጡስ? አለን ማርላት የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ብዙ ሰው ጨርሶ የሚመለሰው «እንግዲህ ፈርሷል» ብሎ ራሱን ሲኮንን ነው። የሚቀጥለውን ቅዳሜ እንዴት እንደሚያውሉት ያቅዱና ይቀጥሉ። የስሜትዎ መውረድ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀዎት፣ ወይም ሰው ሁሉ በክፉ የሚያይዎት ሆኖ ከተሰማዎት ወደ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ለባለቤትዎም ይህን መልስ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከእርሳቸው የተሻለ አጋዥ አያገኙምና።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ሥዕል መሳል በጣም ትወዳለች። ይበልጥ እንድትበረታ በሳለች ቁጥር ገንዘብ ልስጣት ወይ?

መልስ፦ አይስጧት። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ መሳል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ የተባሉት ልጆች ከሽልማቱ በኋላ በነጻ ጊዜያቸው የሚስሉት ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ወረቀትና ቀለም ይግዙላት፣ የሳለችውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉላት። ሽልማት የሚጠቅመው ልጁ ጨርሶ የማይወደውን ነገር ለማስጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ስልኬን እየነካካሁ ሌሊቱ ይጋመሳል። የማየው ነገር እንኳ አያስደስተኝም። ለምን አልተወውም?

መልስ፦ የጸና ልማድ ደስታን አይጠይቅም። ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት የለመዱ ሰዎች 7 ቀን የቆየ ፈንዲሻ ተሰጥቷቸው፣ እንደማይጣፍጥ እየተናገሩ፣ ትኩሱን የሚበሉትን ያህል በሉ። ከሲኒማ ቤት ውጭ ሲሆን ወይም ባልለመዱት እጃቸው እንዲበሉ ሲደረግ ግን ያረጀውን በልማድ መብላታቸው ቀረ። አንቺም እጅሽ የለመደውን መንገድ አሰናክዪበት፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ አድርጊው፣ ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። ያለሽ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ከአልጋው ሳትነሺ የማትደርሺበት ቦታ ላይ አኑሪው።

ጥያቄ፦ የ67 ዓመት እናት ነኝ። ደም ግፊት አለብሽ ተብዬ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒንና የእግር ጉዞ ታዝዞልኛል። ኪኒኑን እረሳዋለሁ፤ ጉዞውንም ብርዱና ዳገቱ ያስቀረኛል። በዚህ ዕድሜ አዲስ ልማድ ይያዛል?

መልስ፦ እናቴ፣ በደንብ ይያዛል። ላሪ ስኳየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በበሽታ ምክንያት አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ሁለት ሰዎች ከ8 ጥንድ ዕቃዎች ትክክለኛውን መምረጥ በብዙ ሳምንታት ድግግሞሽ ተምረዋል፤ ልምምዱን ማድረጋቸውን ግን አያስታውሱም ነበር። ልማድን የሚይዘው የአእምሮ ክፍል ትዝታን ከሚይዘው የተለየ በመሆኑ፣ መርሳት የበዛበት ሰውም በድግግሞሽ ይለምዳል።

ኪኒኑን ለማስታወስ አይታገሉ፤ በየቀኑ ከማይቀርብዎት ነገር አጠገብ ያኑሩት። ጠዋት ቡና የማይቀርብዎት ከሆነ ከረከቦቱ አጠገብ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ አቦል ከመቀዳቱ በፊት በውሃ ይዋጡት። ከቡና ወይም ከምግብ ጋር ሊኖረው የሚገባውን ርቀት ግን ኪኒኑን የሰጠዎትን ባለሙያ አስቀድመው ይጠይቁ። ጉዞውንም የደሴ ብርድ ከሚበረታበት ማለዳ ያውጡትና ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ለገበያም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ከሚወጡበት መንገድ ጋር ያያይዙት። ሲሄዱ ዳገቱ ካስቸገረዎት በባጃጅ ወጥተው ቁልቁለቱን በእግርዎ ቀስ ብለው ይመለሱ። መንገዱ ድንጋያማ ከሆነ በትር ይያዙ፤ ጉልበትዎን ካመመዎት ሜዳማውን ይምረጡ። አንዲት ጎረቤት አብራዎት ብትወጣ ደግሞ እርስዎ የሰነፉበትን ቀን እርሷ በር ላይ ቆማ ትጠራዎታለች።