አረፋው ከየት መጣ? ስኪመር ከመግዛትህ በፊት የፓምፑን ክፍል እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። 75 ሊትር የምትይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለችህ፤ ማጣሪያዋ ከጀርባ በሦስት ክፍል የተሠራ ነው። ውስጧ ሁለት ክላውንፊሽና ጥቂት ኮራል አሉ። ወራት ሙሉ ጥሩ ሆና ቆይታ፣ ብርዱ ገብቶ የቤት ማሞቂያ ከከፈትክ ወዲህ ውሃው በደቃቅ አረፋ ተሞላ። አምቦ ውሃ መስሏል ብለሃል። የሱቁ ሰውዬ ስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ እየያዘ ከውሃው የሚያወጣውን መሣሪያ) ቀይር ስላለህ ልቀይር ወይ ነው ጥያቄህ።

አትቀይር። ቢያንስ ዛሬ አትቀይር። ሰውዬው መሸጥ ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም።

ጆሮዬን ያቆመው "ማሞቂያ ከከፈትኩ ወዲህ" ያልከው ነው። ማሞቂያ የቤቱን አየር ያደርቀዋል። አየር ሲደርቅ ውሃ ቶሎ ይተናል። የኔዋም በብርድ ወራት ውሃ ጨምሩልኝ ማለት ታበዛለች። አንተ ግን ከፊት ስታያት ውሃዋ ምንም የጎደለ አይመስልም። እንዲህ ያለች አኳሪየም ሰውን የምትሸውደው እዚህ ላይ ነው። ዓሣዎቹ ያሉበት ክፍል ውሃ ከፍታው የሚወሰነው ወደ ጀርባ በሚተላለፍበት ጥርስ ጥርስ ባለው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የፊቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የተነነው ውሃ በሙሉ የሚጎድለው ፓምፑ ካለበት ከመጨረሻው ጠባብ ክፍል ነው። ያ ክፍል ስፋቱ 10 በ10 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ አንድ ሊትር ብቻ ሲተን ውሃው 10 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ያኔ ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር ይስባል፣ አየሩን ይፈጭና ወደ ፊት ይረጨዋል።

አሁኑኑ ክዳኑን አንስተህ እይ። ውሃው ወደ ፓምፑ አፍ ከተጠጋ፣ ወይም ከላይ ትንሽ ሽክርክሪት ካየህ፣ ጥፋተኛውን አገኘኸው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮህን ጠጋ ብታደርግ የመንቆርቆር ድምፅ ትሰማለህ።

ስትሞላ የተጣራ፣ ጨው አልባ የሆነ ውሃ ሙላ። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። በጨው ውሃ ከሞላህ ጨዋማነቱ በየቀኑ እየከረረ ይሄዳል። ቀስ እያልክ ጨምርና ጨዋማነቱን ለካ፤ ስፔሲፊክ ግራቪቲው (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 አካባቢ ይሁን። ከዚያ ትክክለኛው ከፍታ ላይ ከውጭ በፕላስተር ምልክት አድርግ። በየቀኑ መሙላት ከሰለቸህ በተንሳፋፊ ማብሪያ በራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለ። ገንዘብ ካወጣህ አይቀር ለእሱ አውጣው።

ክፍሉ ሙሉ ሆኖ አረፋው ከቀጠለ፣ አንድ በአንድ እያጠፋህ ፈትን። መጀመሪያ ስኪመሩን ብቻ አጥፋና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቅ። ውሃው ከጠራ ከእሱ ነው። ካልጠራ መልሰህ አብራውና ማዕበል የሚሠራውን ፓምፕ አጥፋ። ሁሉንም በአንዴ ካጠፋህ ምንም አታውቅም።

ስለ ስኪመር አንድ ነገር ልበል። ጨው ውሃ ውስጥ ያሉ አረፋዎች ቶሎ ተጋጥመው ትልቅ አይሆኑም፤ ደቃቅ እንደሆኑ ይቆያሉ። ስኪመር በባሕር ውሃ ሠርቶ በወንዝ ውሃ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ አረፋ ቢያመልጠው አይገርምም። አዲስ ሲሆን፣ ወይም ሙልጭ ተደርጎ ሲታጠብ፣ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንትና ከዚያ በላይ ያብዳል። መድኃኒት ወይም የውሃ ማከሚያ ስትጨምርም እንደዚሁ። ሎሽን የተቀባ እጅ ስታስገባ እንኳ ይረበሻል። መውጫው ላይ ስፖንጅ ብታደርግ ብዙውን ይይዝልሃል። ግን ስፖንጁን በየሁለት ሦስት ቀኑ እጠበው፤ ካልታጠበ የያዘው ቆሻሻ እዚያው ይበሰብሳል፣ ናይትሬት ይጨምራል።

የማዕበሉ ፓምፕ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ወደ ላይ ተጠግቶ አየር እየሳበ ነው፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው። የውሃው ገጽ ግን መንቀሳቀሱን እንዳያቆም፤ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ፓምፑ ካረጀና ነጭ ቅርፊት ካበጀ፣ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ ዘፍዝፈውና በደንብ አለቅልቀው።

አረፋ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ከሰዓት በኋላ አሸዋውና ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ፣ ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ አልጌ የሚያወጣው ኦክስጅን ነው። ጠዋት መብራቱ ሳይበራ አይተህ አረጋግጥ። ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር አረፋ ቋጥሮ ሲንጠለጠል ካየህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ጠይቅ። ውሃ በለወጥክ ማግስት መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውም አያስጨንቅ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። የምትጨምረውን ውሃ ቀድመህ 25 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው።

ዓሣዎቹ ይጎዳሉ ወይ ላልከው፣ እንዲህ ያለው አረፋ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀይመው የተመልካችን ዓይን ነው። ኮራሎች ግን ሲመታቸው ይኮማተራሉ። በሕይወት ያለ ስፖንጅ (የባሕር እንስሳው) ካለህ እሱ አየር ጨርሶ አይወድም። የዓሣ ዓይን ካበጠ ወይም ክንፉ ውስጥ አረፋ ከታየ ግን ቀልድ አይደለም፤ አየር የሚስበውን ፓምፕ ያኔውኑ አስተካክል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አረፋው የውሃው ገጽ ላይ ሲፈነዳ ጨው ይረጫል። ጨዉ መብራቱ፣ ገመዱና ሶኬቱ ላይ ይጋገራል። የገመዱን መሰኪያ ከግድግዳው ነቅለህ እሱንና ገመዱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ ሳይደርቅ አትሰካ። ገመዱም ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ እዚያ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

በል አሁን የፓምፑን ክፍል ከላይ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍ። ውሃው ሳትሞላው እንዳለ ይሁን፣ የፓምፑም አፍ ይታይ። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።